ሰደፉን ያዳነ ጠፍር

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ሸዋ በር አጠገብ ካለው ቤቴ መጥቶ ቡና እየጠጣን ሳለ ስለ ጠመንጃው ያማርረኝ ጀመር። ኤረር በኩል እርሻ አለው፤ ጠመንጃውን የያዘው በፈቃድ ነው። ሰደፉ ግን ፕላስቲክ ስለሆነ ጠበቅ አድርገው ሲይዙት ይለመጣል። ውስጡ ባዶ ነውና ቀጭን የብረት ዘንግ አስገብቶ፣ ከሁለት ቱቦ በሚደባለቀው ሙጫ ሊሞላው አስቧል።

“አክስቴ፣ ይይዝ ይሆን?” አለኝ።

መጀመሪያ ጥይቱን አውጥቶ ከልጆች ርቆ እንዲያስቀምጥ ነገርኩት። ከዚያ ፕላስቲኩን ከውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ያሻክረው፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ሙጫ አይቀበልም። ጓንት ያድርግ፣ መስኮት ይክፈት። ሙጫውንም በአንድ ጊዜ አይሙላው፤ ሲጠነክር ይሞቃልና። ጄሶም እንደዚያው ነው፤ ስንቱን በሽተኛ “ሲስተር፣ አቃጠለኝ!” አሰኝቶብኛል።

አባቴ ቢኖር በሙጫው ይስቅ ነበር። ሐረር ጠመንጃ ብርቋ አይደለም፤ ጎብኚ ቤቱን የሚጠይቀው ራምቦ እንኳ በ1879 ዓ.ም ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጦ ገንዘቡን ሊቀበል የመጣው ወደዚህ ነው። አባቴም አንድ ምንሽር ነበረው፤ የእንጨት ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ። ያልለፋ የበሬ ቆዳ ውኃ ውስጥ አሳድሮ፣ እንደ ጠፍር ቀዶ፣ ስንጥቁ ላይ እየሳበ ጠመጠመው። ጥላ ውስጥ ሰቀለው። ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ እንደ ቀንድ ጠነከረ። ያ ሰደፍ ዳግም አልተነቃነቀም።

በ1979 ዓ.ም ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ከገጠር የልጅ ልጃቸውን አቅፈው መጡ። ልጁ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ከተሰበረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ክንዱ በቀርከሃ ታስሮ፣ ላዩ በእርጥብ ቆዳ ተጠምጥሞ ደርቋል።

“ሲስተር፣ ወጌሻው አጥብቆ ነው የሠራለት” አሉኝ። “ሁለት ሌሊት አለቀሰ። ከትናንት ወዲህ ግን ማልቀሱን ተወ፤ ተሽሎታል።”

ጣቶቹን ነካሁ። በረዶ ናቸው፤ ጥፍሮቹ ጠቁረዋል። ማልቀሱን የተወው ክንዱ መሰማት ስላቆመ ነበር። ቆዳውን በመጋዝ ቆረጥነው፤ ክንዱ ግን ከክርኑ በታች ተቆረጠ። ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው “እኔ ጠመንጃዬን የጠገንኩት እንዲሁ አድርጌ ነበር” ይሉ ነበር ደጋግመው።

እንጨት አያብጥም። የተሰበረ ክንድ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያብጣል። ሥጋው ወደ ውጭ ሲገፋ ቆዳው ወደ ውስጥ ይኮማተራል፤ መሐል ያለው ደም ሥር ይታፈናል። ጡንቻ ለ6 ሰዓት ያህል ደም ካጣ መመለሱ ያጠራጥራል። በሐኪም የተሠራ ጄሶም ቢሆን ከጠበቀ ይህንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ ወጌሻን ብቻ አልወቅስም።

ልጅዎ ክንዱ ወይም እግሩ ከተሰበረ በካርቶን ወይም በጣውላ ደግፈው፣ በነጠላ ላላ አድርገው አስረው ይውሰዱት። የጣቶቹ ጫፍ ይታይ። ጥፍሩን ጫን አድርገው ሲለቁት በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ መቅላት አለበት። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሲዘረጉለት ከጮኸ ማሰሪያው አሁኑኑ ይፈታ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂድ። “እስኪነጋ ይታገሥ” የሚሉ ጎረቤቶችን አይስሙ። ጄሶ ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ አይታገሉት፤ ወደሠሩለት ይመለሱ። በድንገት ዝም ካለ እንዳይደሰቱ፤ ጣቶቹን ይንኩ።

የወንድሜ ልጅ ከድሮ ሣጥኔ ሁለት ጥንድ ጓንት ወስዶ ሄደ። ትናንት ደውሎ ሰደፉ ደርቋል፣ አይለመጥም አለኝ።