ወንፊት የመሰለው ችቦ

ችቦውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀዳዳው ላይ ነው። ወርቃማው አሉሚኒየም በጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎች ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል፤ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ወዲያ ማዶ ያሳያል። የቀዳዳዎቹ ቁጥር 8,000 ነው።

ይህ ችቦ በፈረንጆች አቆጣጠር ለ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000 ሜትር፣ ቲኪ ገላና በማራቶን ወርቅ ላጠለቁበት ውድድር የተሠራ ነው። የነደፉት ኤድዋርድ ባርበርና ጄይ ኦዝገርቢ የተባሉ እንግሊዛውያን ናቸው። እሳቱን 8,000 ሰው ስለሚቀባበለው ለያንዳንዱ አንድ ቀዳዳ ደረሰው። ሦስት ማዕዘን የሆነውም ለንደን በ1908፣ በ1948 እና በ2012 ሦስት ጊዜ በማስተናገዷ ነው። እንዲህ ያለው ትርጓሜ ለጋዜጣዊ መግለጫ ያምራል፤ የቀዳዳዎቹ ዋና ብልሃት ግን ሌላ ነው።

ችቦ ተሸካሚው አትሌት ብቻ አይደለም። የ12 ዓመት ልጅም፣ አዛውንትም አለበት፤ ስለዚህ ዕቃው እጅ ማዛል የለበትም። ቀዳዳዎቹን የሚያወጣው ሌዘር በበሳ ቁጥር ከአሉሚኒየሙ ትንሽ ትንሽ እየተነሳ፣ 80 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ችቦ ክብደቱ 800 ግራም ላይ ቆመ። ሙቀቱም ወደ መዳፍ ሳይወርድ በቀዳዳዎቹ ይወጣል። ገጹ ሻካራ ስለሆነም ላብ ያለው እጅ እንኳ አያሟልጨውም። በዚያ ላይ ውስጡ ያለው የጋዝ በርነር ከውጭ ይታያል።

ሙቀት ቀልድ አይደለም። በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ሯጩ ሮን ክላርክ የያዘው የማግኒዥየም ችቦ ፍንጣሪ እየረጨ ክንዱን አቃጥሎታል። የለንደኑ በፕሮፔንና በቡቴን ቅልቅል የሚነድ ሲሆን፣ ነፋስና ብርድ ይቋቋም እንደሆነ ሙኒክ በሚገኘው የቢኤምደብልዩ መሞከሪያ ክፍል ተፈትኗል።

ለሕዝብ በታየ ጊዜ የፎርማጆ መፋቂያ ነው እያሉ የቀለዱበት አልጠፉም። የለንደኑ ዲዛይን ሙዚየም ግን የ2012 የዓመቱ ምርጥ ዲዛይን አድርጎ መርጦታል።

ያም ሆኖ ቅብብሎሹ በተጀመረ በ3ኛው ቀን፣ ዴቨን ውስጥ ግሬት ቶሪንግተን በምትባል ከተማ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተገጥሞ ይጓዝ የነበረ አንድ ችቦ ድርግም አለ። ጥፋቱ የበርነሩ ነበር። ደግነቱ ግሪክ ኦሎምፒያ ላይ በፀሐይ ጨረር የተለኮሰው እሳት በፋኖስ ተጠብቆ አብሮ ይጓዝ ስለነበር፣ ሌላ ችቦ ከዚያ ተለኩሶ መንገዱ ቀጠለ።