አደይ አበባን ከመጭ መለየትና ከዘር ማብቀል

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ለመስክ ትምህርት ወደ ሱሉልታ ወጥተን ነበር። መምህራችን የሰጡን ሥራ ቀላል ይመስል ነበር፤ እያንዳንዳችን አንድ አንድ የአደይ አበባ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ቆርጠን እንድናመጣ። ሳቅን። ደግሞ አደይ አበባን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ እንዴ? ከልጅነታችን ጀምሮ በየእንቁጣጣሹ ወረቀት ላይ ስንስለው የኖርነው አበባ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያመጣነውን ሣሩ ላይ ደረደርነው። መምህራችን አንድ በአንድ እያነሱ ሁለት ቦታ ከፈሉት። የእኔና የብዙዎቹ ጓደኞቼ በግራ በኩል ተከመረ። «በቀኝ ያለው አደይ ነው፤ በግራ ያለው መጭ ነው» አሉን። ያን ቀን በጣም ነው ያፈርኩት። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈውም ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ለማካፈል ነው፤ እንደኔ የሚሳሳቱ ብዙ መሆናቸውን አይቻለሁና።

ስህተቱ የሚመጣው አበባውን ብቻ ስለምናይ ነው። አደይም መጭም አስተራሴ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፤ ኑግና ሱፍም እንዲሁ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ አበባ ብለን የምንጠራው ነገር አንድ አበባ አይደለም። ዙሪያውን የከበቡት ቢጫ ቅጠል መሳዮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ሲሆኑ፣ መሐል ላይ የታጨቁት ደቃቃ ነገሮችም እንዲሁ አንዳንድ አበባ ናቸው። በአደይ ዙሪያ ያሉት ቢጫዎች ብዙውን ጊዜ ዘር አይሰጡም፤ ሥራቸው ነፍሳትን መጥራት ነው። ዘሩ የሚገኘው ከመሐሉ ነው። በመጭና በኑግ ግን የዙሪያዎቹም ዘር ይይዛሉ። ይህን በዓይን ብቻ ማየት ስለሚያስቸግር የእጅ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። በሩቁ ሁሉም ቢጫ ነው።

ታዲያ በመስክ ላይ ቶሎ የሚያዋጣው ቅጠሉን ማየት ነው። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፤ የካሮትን ቅጠል ያህል ባይደቅም በዚያ መልክ የተከፋፈለ ነው። የመጭ ቅጠል ግን አንድ ወጥ፣ ረዘም ያለ፣ ጫፉ የሾለ ሲሆን፣ ያለ ዘንግ በቀጥታ ግንዱን አቅፎ ይቀመጣል። በጣት ሲዳብሱት ይሻክራል። ሳይንሳዊ ስሙ ጊዞቲያ ስካብራ ነው፤ ስካብራ በላቲን ሻካራ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው እኔ ሳልዳብስ ያለፍኩትን ዳብሶታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምልክት ዘሩ ነው፤ ይሄ ጨርሶ አያሳስትም። የመጭ ዘር ልክ እንደ ኑግ ጥቁርና ልሙጥ ነው፤ ጫፉ ላይ ምንም የለውም። ኑግና መጭ እንዲህ የሚመሳሰሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጊዞቲያ አቢሲኒካ የሚባለው ኑግ ገበሬው ከመጭ እየመረጠ ያለመደው ሰብል እንደሆነ ይታመናል። የአደይ ዘር ግን ጠፍጣፋ ሆኖ አናቱ ላይ በአብዛኛው ሁለት ሹል ነገሮች አሉት። ቢደንስ የሚለው የወገኑ ስም ሁለት ጥርስ ማለት ነው። በብዛት የምናየው አደይ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ይባላል፤ ማክሮፕቴራ ደግሞ በግሪክ ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ሲሆን፣ ዘሩን በመነጽር ያየ ሰው በጠርዙ ላይ ስስ ክንፍ ያገኛል።

«በብዛት የምናየው» ያልኩት አደይ የአንድ ዝርያ ስም ስላልሆነ ነው። ቢደንስ ፓኪሎማና ቢደንስ ፕሬስቲናሪያ የሚባሉትንም ሕዝቡ አደይ ይላቸዋል። የአገራችንን ቢደንሶች በዝርዝር ያጠኑት መስፍን ታደሰ ሲሆኑ፣ በዚሁ ወገን ላይ የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1984 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ የአስተራሴ ክፍልም ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ሦስቱን እርስ በርስ መለየት ለኔ ዛሬም ከባድ ነው፤ የበሰለ ዘር ካልያዝኩ አልሞክረውም።

በነገራችን ላይ በየጓሮው ልብሳችን ላይ እየተሰካ የሚያስቸግረን የሰይጣን መርፌም ቢደንስ ነው፤ ቢደንስ ፒሎሳ። የአደይ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። አንዱን ቤተሰብ በዓል እናከብርበታለን፣ ሌላውን ከሱሪያችን ላይ እየለቀምን እንራገማለን።

መጭን ግን እንዳንንቀው። ንቦች በጣም ይወዱታል፤ በኅዳር የሚቆረጠው ማር ውስጥ ድርሻው ትልቅ ነው። ደግሞም መጭ ከሥሩ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዓይነት አለው። እኔን የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። አደይ ዓመታዊ ተክል ነው፤ በክረምት በቅሎ፣ በመስከረም አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። ለሚቀጥለው ዓመት ያለው ተስፋ መሬት ላይ የወደቀው ዘር ብቻ ነው። እኛ ደግሞ የምንቀጥፈው ገና ሲያብብ፣ ዘር ሳይዝ ነው። ሜዳው ሰፊ ሲሆን ይህ ምንም አይጎዳም ነበር፤ ከተማ ዳር ያለው ሜዳ ቤት እየተሠራበትና እየታረሰ ሲጠብ ግን በቀረችው ቁራሽ መሬት ላይ ሁላችንም እንረባረባለን። ለእንቁጣጣሽ የሚሸጡትን እቅፎች ቅጠላቸውን እያየሁ ስመለከት በአደይ ስም መጭ የታሰረባቸው ሞልተዋል።

ስለዚህ ራሴ ላብቅለው ብዬ ተነሣሁ። ዘር የሚሰበሰበው በኅዳር ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ዘመነ ጽጌን መቁጠሪያ ማድረግ ይቻላል፤ ጽጌ ሲያልቅ ብዙው አደይ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። የደረቀውን ራስ በእጅ አሽቶ፣ ገለባውን በእፍታ አስወግዶ፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ማስቀመጥ ነው። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ዘሩን ያሻግታል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። ቸኩዬ በታኅሣሥ እርጥብ ጥጥ ላይ ብዘራው ከጥቂቶቹ በቀር ዝም አሉኝ። ዘሩ ሞቷል ብዬ ልጥለው ነበር። ከዚያው ከረጢት የቀረውን በግንቦት ብሞክረው ብዙው በቀለ። ብዙ የዱር ተክሎች ዘራቸው እንደረገፈ አይበቅልም፤ በበጋ ዝናብ ተታሎ ቢበቅል ድርቁ ይፈጀዋልና የተወሰኑ ወራት በደረቁ መቆየት አለበት። የኔም ነገር ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

በሰኔ፣ ዝናቡ ሲይዝ፣ ከትምህርት ክፍላችን ጀርባ ፀሐይ የሚያገኝ ትንሽ መሬት ኮትኩቼ ዘራሁት። አፈሩን በላዩ ላይ ስስ አድርጎ መበተን ይበቃል። ፍግ መጨመር አያስፈልግም። አንዱ ጥግ ላይ ጨምሬ ያገኘሁት ትልልቅ ቅጠልና በነፋስ የሚወድቅ ግንድ ነው።

በሐምሌ ግን ከሁለት ሳምንት ቆይታ ስመለስ መደቡ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። አትክልተኛው አርመውታል። «ልጄ፣ አረም መስሎኝ እኮ ነው፤ ማን ነገረኝ?» አሉኝ። እውነት አላቸው። አደይ ሲበቅል መጀመሪያ የሚያወጣቸው ሁለት ቅጠሎች ሞላላና ያልተሰነጠቁ ናቸው፤ ከማንኛውም አረም አይለዩም። የተሰነጠቀው ቅጠል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን እንዲህ ነው ብሎ የሚያሳያቸው ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርኩ፤ ቡቃያውንም ለጋሼ አሳየኋቸው። በመስከረም መደቡ በሙሉ አበበ። የበዓሉ ዋዜማ ግማሹ ተቀጠፈ፤ ማን እንደቀጠፈው አልጠየቅኩም፤ እኔም በስንት ዓመቱ ከሰው ሜዳ ቀጥፌያለሁ። የቀረውን እስከ ኅዳር ጠበቅነው። አንድ ቀን ጋሼ ራሳቸው ጠርተውኝ «ያንተ አረም ደርቋል፣ ና ሰብስብ» አሉኝ።

ዘሩ አሁን በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ፣ ቀኑና ቦታው በተጻፈባቸው የወረቀት ከረጢቶች ውስጥ አለ። መሞከር የሚፈልግ ተማሪም ሆነ መምህር መጥቶ መውሰድ ይችላል። የሚዘራው በሰኔ ነው። ሲያብብ ቢያንስ ሩቡን ሳትቀጥፉ ተዉት፤ በኅዳርም ከሰበሰባችሁት ጥቂቱን ወደ መደርደሪያው መልሱልኝ።