ከወረቀቱ የሚነሣ ሥዕል

ሠዓሊ ከጉዞ ተመልሶ ትልቅ ባለቀለም ወረቀት ዘርግቶ፣ ከሰል፣ ውሃ ቀለም፣ ጓሽና ፓስቴል እያፈራረቀ ሲሠራ የሚያይ ሰው ወረቀቱን እንደ ጌጥ ሊቆጥረው ይችላል። ብዙ ጀማሪም ዓይኑን የሳበውን ቀለም መዝዞ ሥራ ይጀምራል። የዚህ ሙያ ዋናው ውሳኔ ግን እዚያው ላይ ነው፤ የወረቀቱ ቀለም አንዴ ከተሳሳተ ከላዩ የሚቀባው ሁሉ አያቃናውም። ምክንያቱ የብርሃን ጉዳይ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ከወረቀቱ የበለጠ ብርሃን ስለሌለ ሠዓሊው የሚችለው እያጠቆረ መሄድ ብቻ ነው። ያልፈካም ያልጠቆረም ወረቀት ላይ ግን ከመሃል ይነሣል፤ በከሰል ወደ ጥላው ይወርዳል፣ በነጭ ጓሽ ወደ ብርሃኑ ይወጣል፣ መሃለኛውን ሳይነካ ለወረቀቱ ይተወዋል። ቁሳቁስ መቀላቀሉም ከዚሁ የመጣ ግዴታ ነው። ውሃ ቀለም ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ቢጫው አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ ይላል። ጓሽ የሥሩን ይሸፍናል። ፓስቴል ደግሞ የወረቀቱን ሻካራ ጫፎች ብቻ እየነካ ስለሚያልፍ በየመሃሉ የወረቀቱ ቀለም ብልጭ ይላል።

ጀርመናዊው አልብሬሽት ዱረር እ.ኤ.አ. ከ1505 እስከ 1507 ቬኒስ ሲቆይ፣ የአገሩ ወረቀት ሠሪዎች ሰማያዊ ቡትቶ ቀጥቅጠው የሚያወጡትን ሰማያዊ ወረቀት ለንድፎቹ ተጠቀመበት። ወደ ኑረምበርግ ተመልሶ በ1508 «የሚጸልዩ እጆች» የተባለውን ሲሠራ ደግሞ ወረቀቱን ራሱ ሰማያዊ ቀብቶ ነው የተነሣው። ቪየና አልበርቲና ሙዚየም ያለውን ይህን ሥራ ቀረብ ብሎ ላየው፣ በጣቶቹ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ነጭ መስመሮች፣ በእጅጌው እጥፋት ውስጥ ግራጫ ጥላ አለ፤ በሁለቱ መካከል ሥጋ ሆኖ የሚታየው አብዛኛው ያው ሰማያዊ ነው። ጉዞ ለሠዓሊ የሚሰጠው የሚሳል መልክዓ ምድር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሳይነካ የተተወ ወረቀት ራሱ ሥዕል ይሆናል የሚለውን የሚሞግቱ ሰዎች ጥሩ መከራከሪያ አላቸው፦ የዱረር እጆች ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት አይበልጡም። እንግሊዛዊው ተርነር የሎዋርንና የሴንን ወንዞች እየተከተለ በሰማያዊ ወረቀት ላይ በጓሽና በውሃ ቀለም የሠራቸው፣ ኋላም ተቀርጸው ከ1833 እስከ 1835 የታተሙት ሥዕሎችም 14 በ19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። እዚያ መጠን ላይ ባዶ የተተወ ሰማያዊ የምሽት ሰማይ ይሆናል፤ 75 በ110 ሴንቲ ሜትር ላይ ግን ባዶ ወረቀት ባዶ ወረቀት ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ግማሹን። ትንሿን ሥዕል ዓይን በአንድ ጊዜ ይጠቀልላታል፤ ትልቁን እየተዘዋወረ ነው የሚያነበው፤ በየደረሰበትም የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ትንሹን ንድፍ እንዳለ ማጉላት አይሠራም። ከሰሉ በጫፉ ሳይሆን በጎኑ ተጋድሞ መጎተት አለበት፤ ሰፊው ባዶ ቦታም ለወረቀቱ ቀለም በሚቀርብ ሌላ ወረቀት ቅዳጅ ሊሰበር ይችላል። ኮላዥ ለትልቅ ሥዕል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ውሃም ችግር አለው። ለፓስቴል የሚሸጠው የተለመደ ወረቀት በካሬ ሜትር 160 ግራም ያህል ስለሆነ ሰፊ ውሃ ሲያርፍበት ይኮማተራል። ጠርዙን ሰሌዳ ላይ ወጥሮ እርጥቡን አስቀድሞ መጨረስ፣ ደረቁን ከዚያ ማስከተል ይሻላል። ፓስቴሉ ከቀደመ ብሩሹ ጭቃ ያደርገዋል።

ሌላው ጥርጣሬ፣ ቀለም አስቀድሞ መምረጥ ለአገሩ መልክ መለጠፍ አይሆንም ወይ የሚለው ነው። ይሆናል፣ በረሃ ሁሉ ቢጫ ወረቀት፣ ባሕር ሁሉ ሰማያዊ ወረቀት ከተሰጠው። የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ ቀለም ማቅለሚያ ኃላፊ የነበረው ኬሚስቱ ሸቭረል በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጎን ለጎን ያሉ ቀለማት አንዱ የሌላውን መልክ እንደሚለውጡ አብራርቷል። ግራጫ በሰማያዊ ሲከበብ ወደ ብርቱካናማ ያደላ ይመስላል። ስለዚህ ቢጫ ወረቀት ላይ የተቀባ ቢጫ አሸዋ ይሞታል። የበረሃ ከሰዓት ለመሥራት ወረቀቱ የጥላውን ደብዛዛ ወይን ጠጅ ቢይዝ አሸዋው ከላዩ በጥቂት ጓሽ ይነዳል። ወረቀት ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት «አገሩ ምን ቀለም ነበር?» ሳይሆን «ጥላው ምን ቀለም ነበር?» ነው።

መልስ ለመስጠት የሚያስቸግረው የዕድሜ ነገር ነው። ባለቀለም ወረቀት ብርሃን ላይ ይለቃል፤ የጥንቶቹ ሰማያዊ ወረቀቶች ብዙዎቹ ዛሬ ግራጫ ወይም ቡናማ ሆነዋል። ርካሹ የእንጨት ወረቀትማ ከመልቀቁም ሌላ ቢጫ እየሆነ ይሰባበራል። ጉዳቱ ከነጭ ወረቀት ይከፋል፤ ወረቀቱ ሲቀየር ነጩ ጓሽ ባለበት ስለሚቀር በሁለቱ መካከል የነበረው ሚዛን ይፋለሳል። እንዲህ ያለ ሥዕል ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ መሰቀል አለበት። ከዚያ የሚሻለው የዱረር የ1508 ዘዴ ነው፦ ወፍራም የጥጥ ወረቀት ገዝቶ፣ በማይለቅ አክሪሊክ ቀለም መነሻውን ራስ መቀባት። እዚያም ቢሆን አክሪሊኩ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚለሰልስ ፓስቴል አይዝለትም፤ ጥቂት የላመ ፑሚስ ድንጋይ ይቀላቀልበታል።