አቀበት ላይ ስለሚጠፋው የቮልስ እሳት

ወዳጆቼ፣ ያረጀች ቮልስዋገን ያላችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ መኪናይቱ ማለዳ ያለ አንዳች ማንገራገር ተነሥታ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ ያለውን መንገድ በደኅና ከወጣች በኋላ፣ የእንጦጦው አቀበት ሲጠና ሁለት ሦስት ጊዜ ሳል ሳል ብሏት ፀጥ የምትልበት አንድ ሕመም አለ። ይህ በደረሰ ጊዜ በአላፊ አግዳሚው ዘንድ ወዲያው የሚከሰሰው ቤንዚኑ ነው፤ ካርቡራቶሩ ይፈታል፣ ጂግለሩ በአፍ ይነፋል፣ ይህ ሁሉ ሲሆንም ሞተሩ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ መኪናይቱ ትነሣለች፤ ፈውሱም በከንቱ ለካርቡራቶሩ ይቈጠርለታል። በማግሥቱ ጋራዥ ብትደርስም፣ የቀዘቀዘ ሞተር ለመካኒኩ የሚያሳየው ጤንነቱን ብቻ ነው። ስለዚህ የእሳት ምርመራ መደረግ የሚገባው ሕመሙ ባለበት ሰዓት፣ ሞተሩ ገና እጅ የሚፈጅ ሳለ፣ እዚያው መንገዱ ዳር ነው ብዬ አምናለሁ።

የነገሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ከባትሪው የሚመጣው 12 ቮልት (በጥንቶቹ ቮልሶች 6 ቮልት) ወደ ኮይሉ ይገባና፣ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ በተቀመጠችው ፑንቲና በኩል ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አካል፣ ይወርዳል። ፑንቲናዋ ተጋጥማ ሳለች በኮይሉ ውስጥ የተከማቸው የመግነጢስ ኃይል፣ ፑንቲናዋ በተለያየች ቅጽበት በድንገት ስለሚፈርስ፣ በሁለተኛው ጥምጥም ላይ ከ10 ሺህ ቮልት የሚበልጥ ኃይል ይወለዳል፤ ይህንንም ሮተሩ ተቀብሎ እንደ ድግስ ቤት አሳላፊ ለአራቱ ካንዴላዎች ያድላል፤ ተራው ግን በመቀመጫ አይደለም፣ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናዋ በዚያችው ደቂቃ 6000 ጊዜ መከፈትና መዘጋት አለባት፤ ይህን ያሰበ ሰው ስለ መበላሸቷ ሳይሆን ስለ መቆየቷ ይደነቃል።

እንግዲህ መኪናይቱ ቆማለች እንበል። የኋላውን ኮፈን ከፍታችሁ፣ ከኮይሉ መካከል ወጥቶ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ከዲስትሪቢዩተሩ በኩል ንቀሉና፣ መያዣው ጎማ በለበሰ ፒንሳ ጫፉን ከሞተሩ ብረት 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ያህል አርቃችሁ ያዙት፤ ረዳታችሁም ሞተሪኖውን ያዙር። (ካርቡራቶሩ አስቀድሞ ተፈትቶ ቤንዚን ፈስሶ እንደ ሆነ ግን እስኪደርቅ መታገሥ ግድ ነው፤ የምንፈልገው ብልጭታ እንጂ ቃጠሎ አይደለም።) ክፍተቱን የምንሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን አየር ሰንጥቆ ማለፍ በውጭ አየር ከማለፍ እጅግ ይከብዳልና፣ ጠባብ ክፍተት ብቻ የሚዘል እሳት ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ብልጭታው ሰማያዊ ሆኖ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ኮይሉና ፑንቲናዋ ነጻ ወጡ፤ ጥፋቱ በክዳኑ፣ በሮተሩ፣ በገመዶቹ ወይም በካንዴላዎቹ ላይ ይፈለግ። በዚህ ረገድ አዲስ አበባ የራሷ ጠባይ አላት፤ አየሯ ስስ በመሆኑ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል፣ ኃይሉም ክፍተቱን መዝለል ትቶ በጥላሸቱ ላይ ሾልኮ ወደ ማሳ ይወርዳል።

ብልጭታው ቢጫ ከሆነ ወይም ጭራሹን ከሌለ ግን ሁለት ሽቦ የተቀጠለባት የ12 ቮልት አምፖል ትበቃናለች። አንዱን ሽቦ ከሞተሩ ብረት፣ ሌላውን በኮይሉ ላይ 15 ተብሎ ከተጻፈበት ቦታ አገናኙ፤ ቁልፉ ተከፍቶ አምፖሏ ካልበራች ከባትሪው የሚመጣው መንገድ ተቋርጧል። ከበራች ሽቦውን ወደ ቁጥር 1 አዛውራችሁ ሞተሪኖውን አዙሩ፤ እየበራች እየጠፋች ብልጭ ድርግም ካለች ፑንቲናዋ ሥራዋን እየሠራች ነው። ሳታቋርጥ ከበራች ፑንቲናዋ ቆሽሻ ወይም ተቃጥላ አልገጥም ብላለች። ከቶ ካልበራች ደግሞ ወይ ፑንቲናዋ አትከፈትም፣ ወይ የኮይሉ የመጀመሪያ ጥምጥም ተበጥሷል፣ ወይም በዲስትሪቢዩተሩ ጎን የተለጠፈችው፣ የጣት ጫፍ የምታህለው ኮንደንሰር በውስጧ ከማሳ ጋር ተገናኝታለች።

አምፖሏ በወጉ ብልጭ ድርግም እያለች ኮይሉ ደካማ እሳት ሲሰጥ፣ የእኔ ጥርጣሬ ዘወትር ወደዚህችው ኮንደንሰር ያዘነብላል። የእርሷ ተግባር ፑንቲናዋ ስትለያይ ዘልሎ ሊያልፍ የሚሻውን ኃይል ተቀብሎ መያዝ ነው፤ ሙቀት ሲያሸንፋት ግን ይህን ትተዋለች፣ የመግነጢሱም አፈራረስ ይዘገያል። ክዳኑን አንሥታችሁ፣ በጥላ አድርጋችሁ ብታዩ፣ በፑንቲናዋ ከንፈሮች መካከል ሰማያዊ ነበልባል ሲንቦገቦግ፣ የከንፈሮቹም ፊት ጠቁሮ አንዱ ሲጎደጉድ ሌላው እንደ ኪንታሮት ሲያብጥ ታያላችሁ። ይህን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መሄድ፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ ምልክቱን ማጥፋት እንጂ በሽታውን መንቀል አይደለም።

ኮይሉም ሲሞቅ የሚከዳበት ጊዜ ስላለ፣ ሁለቱን ለመለየት የታወቀ ደኅና ኮንደንሰር በትኩሱ ለውጦ መሞከር ይበልጣል፤ ሥራው አንድ ብሎንና አንድ ሽቦ ነው። እኔ አዲስ ስገዛ ሠርቶ ያሳየኝን አሮጌ አልጥልም፤ ዛሬ በገበያ ከሚገኙት አዳዲሶች ብዙዎቹን አላምናቸውምና። ፑንቲናዋም አብራ ከተለወጠች ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ክፍተቱ ሲለወጥ የእሳቱ ሰዓት አብሮ ስለሚዛወር፣ ታይሚንጉ እንደገና ሳይታይ የዲስትሪቢዩተሩ ብሎን አይጥበቅ።