ከድንጋይ ካብ ውስጥ የተገኙት እባቦች

የዛሬው ርእሳችን ከወትሮው ለየት ይላል። ከጋሸና አንድ አባት ጥያቄ ልከውልናል። ልጆቻቸው የፈረሰ የድንጋይ ካብ ሲያነሱ ሁለት ቀጫጭን እባቦች ያገኛሉ። አልገደሏቸውም፤ ካርቶን ውስጥ ከተው ጓዳ አስገቧቸው። ትልቁ ልጅ ጧት ጧት በእጁ ይይዛቸዋል፤ ጸጥ ይሉለታል፤ «ለምደውኛል» ይላል። እናቲቱ ደግሞ ቤት የገባ እባብ ቆሌ ነው ሲባል ስለሰማች በሲኒ ወተት ታስቀምጣለች። አባት የሚጠይቁን ማሳደጉ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ከተፈቀደም ምን እንደሚያበሏቸው ነው።

ልጁ ዱላ አለማንሳቱ ደስ አሰኝቶናል። ያስፈራን «ለምደውኛል» የሚለው ቃሉ ነው።

እባብ እንደ እኛ ሙቀቱን ከውስጡ አያመነጭም፤ ከፀሐይና ከሞቀ ድንጋይ ይቀበላል እንጂ። የጋሸናን ጧት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ደርበንም እጃችን ይደነዝዛል። እባብ በእንዲህ ያለ ብርድ መንቀሳቀስ ይከብደዋል። ልጁ መዳፍ ላይ ጸጥ ያለው ስለለመደው ሳይሆን ስለበረደው ነው። ያው እባብ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ካገኘው፣ ወይም ካርቶኑ ምድጃ አጠገብ ካደረ፣ ነቅቶ ሌላ እባብ ይሆናል። ያን ጊዜ ልጁ ጧት እንደለመደው እጁን ይሰዳል።

ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በዓለም የማይገኙ፣ ሰውን የሚጎዳ መርዝ የሌላቸው እባቦች አሉ። ልጆቹ ያገኟቸው ከእነዚያ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን እኛ በደብዳቤ ላይ አንፈርድም፤ በቀለሙ ለየሁት የሚልም ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ደግሞም የደጋ ልጅ ሁልጊዜ ደጋ አይኖርም። ስንቱ የወሎ ወጣት ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል! በዚያ ቆላ እፉኝት አለ። በአብደራፊ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በእባብ የተነደፉ የቀን ሠራተኞችን ሲያክም የቆየው በከንቱ አይደለም። ጋሸና ላይ እባብ በእጁ መያዝ የለመደ ልጅ ልማዱን ይዞ ነው የሚወርደው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች ተራ አስገብቶታል፤ በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በዚሁ ሰበብ እንደሚሞትም ይገምታል።

አላህ ይጠብቀንና፣ የተነደፈ ሰው ቢኖር ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጥርቅም አድርጎ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል። ቀለበትና አምባር ይውለቅ፤ የተነደፈው እጅ ወይም እግር ሳይንቀሳቀስ ይያዝ፤ ሰውየው በእግሩ ሳይሄድ ቶሎ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ማርከሻው መድኃኒት በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ አስቀድሞ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ሰዓት ያተርፋል። እባቡን አሳድዶ ለመግደል ጊዜ አይጥፋ፤ የተቆረጠ የእባብ ራስ እንኳ ሊናከስ ይችላል።

ወደ ዲኑ እንምጣ። በሰሒሕ ሙስሊም አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ (ረ.ዐ) ያወሩት ታሪክ አለ። በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ አንድ አዲስ ሙሽራ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አስፈቅዶ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱን በር ላይ ቆማ ያገኛታል። ቀንቶ ጦሩን ሲያነሣ ውስጥ ገብቶ እንዲያይ ትነግረዋለች። ትልቅ እባብ ምንጣፉ ላይ ተጠምጥሟል። ወጋው፤ እባቡም ተወራጨበት፤ ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሞተ አልታወቀም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና የሰለሙ ጂኖች እንዳሉ፣ በቤት የታየ እባብም ሦስት ቀን እንዲጠነቀቅ ነገሩ። ከፊሎቹ ዑለሞች ይህ ለመዲና ብቻ ነው ሲሉ፣ ከፊሎቹ በየትኛውም አገር ላለ የቤት እባብ ነው ብለዋል። ሁለቱም ወገን ግን እባብን እንደ ቆሌ መለማመን ከዚህ አይወጣለትም። እናታችን፣ ወተቱን ለልጆቹ ስጪልን። እባብ ውሃ ነው የሚጠጣው።

ማሳደጉን በተመለከተ፣ በርካታ ዑለሞች እንዲገደል የተፈቀደን ጎጂ እንስሳ ቤት አኑሮ ማሳደግን አልፈቀዱም። በአገራችን ሕግም የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል። በካርቶኑ ውስጥ እስካሉ ድረስ ደግሞ አማና ናቸው። ድመት አስራ ሳታበላት፣ ራሷም ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት ስለገደለቻት ሴት የተነገረውን ሐዲስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ለዛሬ ሌሊት ብቻ እንዲህ ይሁን። ካርቶን በቀላሉ ይከፈታልና በጥንቃቄ፣ እጅ ሳይነካቸው፣ ክዳኑ ጥብቅ ወደሆነ ባልዲ ይገልበጡ፤ ክዳኑ ከእባቡ ራስ የጠበቡ ቀዳዳዎች ይኑሩት። ደረቅ ጭድ፣ በአጭር ጣሳ ትንሽ ውሃ ይግባላቸው። ከእሳትም ከልጆች መኝታም ይራቅ። ሥጋም እንጀራም አያስፈልግም፤ እባብ ሳይበላ ሳምንታት ይቆያል፤ በልቶ ሳለ ከተነካካ ደግሞ የዋጠውን ይተፋል። ዓይኑ ደፍርሶ ሰማያዊ ከመሰለ ቆዳውን ሊቀይር ነው፤ በዚያ ጊዜ በደንብ ስለማያይ ቶሎ ይቆጣል።

ነገ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ይለቀቁ። በጧት ብርድ ሜዳ ላይ ከተጣሉ መሸሸጊያ ሳይደርሱ አሞራ ያነሣቸዋል። ሩቅ አገርም አይወሰዱ፤ ከተገኙበት ብዙ ሳይርቅ፣ ከቤትና ከመንገድ ወጣ ያለ ካብ ይበቃቸዋል። እዚያ ከገብሱ ማሳ አይጥ አያጡም። አባት ባልዲውን መሬት ላይ አጋድመው ክዳኑን በረጅም እንጨት ይክፈቱ። ልጁም ከኋላቸው ራቅ ብሎ ቆሞ ይይ፤ ፀሐይ የነካቸው እባቦች እንዴት እንደሚፈጥኑ።