ድራሴና በሰቆጣ ቤት

ረጃጅምና ሰፋፊ ቅጠሎቹ እንደ ጅራፍ ተጠማዝዘው የሚወርዱትን ድራሴና በየሆቴሉ እንግዳ መቀበያና በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ የሚያይ ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ ዕፅ ይመስለዋል እንጂ፣ በከፋና በኢሉባቦር ደኖች ከቡና ጋር በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር በዱር የሚበቅል፣ በጣና ዳር ለሚታወቀው ለዕፀ ጳጦስም የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ የሀገራችን ተወላጅ መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ይህን ዕፅ 2200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ወደ ሰቆጣ ያመጣ ሰው፣ ዝናም ከማይርቀው ከምዕራቡ ደን አውጥቶ፣ ዝናሙ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ ወደሚያበቃበት፣ የበጋው አየር ከንፈርን እስኪሰነጥቅ ድረስ ወደሚደርቅበት ወደ ዋግ ምድር እንዳሻገረው ማስተዋል ይገባዋል። ቅጠል በዓይን በማይታዩ ረቂቃን ቀዳዳዎቹ የውሃ ተን ያወጣል፤ በዚህ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ ተኑ ወጥቶ ለመሰራጨት ይቀለዋል። ዕፁ ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ራሱን ለመጠበቅ ቢጥርም፣ ከውሃው መንገድ ፍጻሜ ላይ ያለው የቅጠሉ ጫፍ ከሁሉ አስቀድሞ ይደርቃል፤ ቡናማም ይሆናል።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ባለቤቱ የደረቀውን ጫፍ አይቶ፣ ዕፁ ተጠማ ብሎ አዝኖ፣ ማለዳና ማታ በማሰሮው ውሃ ያፈስሳል። ነገር ግን ሥርም እንደ ማንኛውም ሕያው ፍጥረት ይተነፍሳል፤ የሚተነፍሰውም በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ባለው አየር ነው፤ ያ ክፍተት በውሃ ሲሞላ፣ ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ስለ ሆነ፣ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ አይችልምና ቅጠሉ በውሃ መካከል ሳለ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱም ጠውልጎ ሲያየው ውሃውን ይጨምርለታል። በቤት ውስጥ ከሚሞቱት የቅጠል ተክሎች ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚህ ዓይነት ርኅራኄ ነው። ድርቀቱ በቅጠሉ ዘንድ ሳለ መድኃኒቱ ለሥሩ ይሰጣልና።

ስለዚህ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ በአፈሩ ውስጥ አስገብቶ መፈተን፣ ርጥበት ከተሰማ መተው፣ ከደረቀም ውሃው በማሰሮው ታች በኩል እስኪፈስስ አጠጥቶ የፈሰሰውን መድፋት ይገባል። የዘይት ጣሳም ሆነ የሸክላ ማሰሮ፣ ታቹ ካልተበሳ ለዚህ ዕፅ አይሆንም፤ አፈሩም በአሸዋና በሚገባ በበሰበሰ ፍግ ቢላላ መልካም ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ዕድገቱ ስለሚዘገይ ውሃውም ይቀንሳል። በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ይበርዳል፤ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ብርድ ሲደጋገምበት የሕዋሳቱ ስስ ሽፋን ስለሚጠጥር ቅጠሉ ይጎዳል፤ ማታ ማታ ከመስኮቱ መስተዋት ራቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ቅጠሉን ለመርዳት ብዙዎች ውሃ ይረጩበታል፤ የተረጨው ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተንኖ ስለሚጠፋ ጥቅሙ እምብዛም ነው። ይልቅስ ተክሎችን አቀራርቦ ማስቀመጥ አንዱ በሚያወጣው ተን ሌላው እንዲረጥብ ያደርጋል። በበጋ የሚነሣው አቧራ ቅጠሉ ላይ ተጋግሮ ብርሃን ስለሚከለክል፣ በእርጥብ ጨርቅ በየሳምንቱ መጥረግ ግዴታ ነው እላለሁ።

በቀትር ሜዳ ላይ 100000 ሉክስ ያህል ብርሃን ሲያርፍ በክፍል ጥግ የሚደርሰው ከጥቂት መቶዎች አያልፍም። ድራሴና በጥላ ውስጥ የኖረ ነውና ለጥቂቱ ይታገሣል፤ ይሁን እንጂ ሕይወት ከመታገሥ ይበልጣልና የማለዳ ፀሐይ በምትገባበት መስኮት አጠገብ ማኖር ይሻላል። ጥላ የለመደ ቅጠል በድንገት ወደ ቀትር ፀሐይ ቢወጣ ይቃጠላል።

የቤት ተክል አየር ያጠራል የሚለው ወሬ ምንጩ ናሳ በ1989 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በታሸጉ ሣጥኖች ያደረገው ፈተና ነው። በ2019 ተመራማሪዎች እንዳሰሉት ግን በተራ ክፍል መስኮት የመክፈትን ያህል ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ድራሴናን ለውበቱ እንውደደው። ቅጠሉ ለውሻና ለድመት መርዝነት ስላለው ከእነርሱ ይራቅ።

ግንዱ ረዝሞ ታቹ ሲራቆት ጫፉን በስለታም ቢላ ቆርጦ፣ በእርጥብ አሸዋ በጥላ ሥር በሐምሌ ቢተክሉት፣ አየሩ ራሱ እርጥብ በሆነበት በዚያ ወራት በጥቂት ሳምንታት ሥር ያወጣል፤ የተቆረጠውም ግንድ ከጎኑ አዲስ ቡቃያ ያበቅላል።