በገናና መምህሩ ዓለሙ አጋ

በኤውሮፓ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ውስጥ ኮንትራባስ የሚባል፣ በቁመቱ ሰውን የሚያህል ባለአራት ክር መሣሪያ አለ። ከክር መሣሪያዎች ሁሉ እጅግ ወፍራሙን ድምፅ የሚያሰማው እርሱ ነው። በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው በገና ነው። በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ያደገ ተማሪ በሰርግ ቤት መሰንቆ ሲገዘገዝ፣ ክራር ሲመታ ሳይሰማ አይቀርም፤ የበገናን ድምፅ ግን ምናልባት የሚያውቀው በዐቢይ ጾም ወራት ከራዲዮ ይሆናል። በገና ለጭፈራ አይውልም። ቋንቋችንም ይህን ለይቶታል፤ ዋሽንት ይነፋል፣ መሰንቆ ይገዘገዛል፣ በገና ግን ይደረደራል።

በገና ዐሥር አውታሮች አሉት። አውታሮቹ ከበግ አንጀት የሚሠሩ ሲሆን፣ ከላይ ከቀንበሩ፣ ከታች በቆዳ ከተለበጠው ገበቴ ጋር ይያያዛሉ። በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ በጣት ሲነካ ከእንዚራው ጋር እየተጋጨ ስለሚርገበገብ፣ ያ የታወቀው የንብ መንጋ የመሰለ ድምፅ ይወጣል። እንዚራው ከቦታው ጥቂት ፈቀቅ ቢል ድምፁ ይደርቃል፤ ስለዚህ ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ቆዳ በትዕግሥት ያስተካክላል። ይህ ሥራ ከመደርደሩ ይልቅ አድካሚ ሳይሆን አይቀርም።

አቶ ዓለሙ አጋ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1950 በእንጦጦ ተወለዱ። በ12 ዓመታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ዘንድ በገና መማር ጀመሩ። አለቃ ተሰማ ልጁ በሚማርበት ትምህርት ቤትም በገና ያስተምሩ ነበር። ይህ ትምህርት የሚተላለፈው ከመጽሐፍ ሳይሆን የመምህሩን ጣት በማየትና በጆሮ በመከተል ነው። መምህር ከሌለ ዜማው የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ የለውም ማለት ነው።

አቶ ዓለሙ በዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦግራፊ ነበር፤ ሆኖም በገናውን አልተዉም። በ1972 የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኪምበርሊን ለዩኔስኮ የድምፅ ስብስብ ድርደራቸውን ቀረጹ። ከዚያም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሰባት ዓመታት በገና አስተማሩ።

በ1980 ግን በዘመኑ የነበረው የደርግ መንግሥት ሃይማኖትን በሚመለከት በተከተለው መመሪያ ምክንያት በገና ከራዲዮ ጠፋ፤ በትምህርት ቤቱም ትምህርቱ ተቋረጠ። የበገና ዜማ ቃሉ ሁሉ ጸሎት ወይም ተግሣጽ ስለሆነ ከሃይማኖቱ ለይቶ ማስተማር የሚቻል አልነበረም። መምህሩም የማስታወሻ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ከፍተው መተዳደር ጀመሩ። ሙያቸውን ግን በቤታቸው ጠበቁት።

ሥርዓቱ ከወደቀ ከ1991 በኋላ በገና እንደገና በአደባባይ ይሰማ ጀመር። አቶ ዓለሙም በኤውሮፓ መድረኮች ደረደሩ፤ «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብም 11ኛው ቅጽ የእርሳቸው ሆነ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አለቃ ተሰማ ከጎረቤት ልጅ ጋር እንደ ተቀመጡ ሁሉ፣ እርሳቸውም በገና ይዘው ከሚመጡ ወጣቶች ጋር ተቀምጠው የእንዚራውን አቀማመጥ ያሳዩ ጀመር።